ኮርሜል ዳገት ላይ የቆመው መኪና

ክሎዲዩስ ቬርኔ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አንድ አመል አውጥቷል። ቤቱ ከሊዮን ምሥራቅ ዳር፣ ከባድ መኪኖች እያቃሰቱ የሚወጡት አቀበት ሥር ነው። ጭነት የያዘ መኪና ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ትንፋሹን ይይዛል። ሹፌሩ ማርሽ ቀይሮ፣ ድምፁ ወደ ላይ ርቆ እስኪጠፋ ድረስ አይለቀውም። በእጁ ማንኪያ ይዞ እንደሆነ ማንኪያው፣ ጋዜጣ ይዞ እንደሆነ ጋዜጣው ባለበት ይቆማል።

“ደግሞ ጀመረህ?” ትለዋለች ሚስቱ ፊሎሜን።

“በዚህ ማርሽ አይወጣውም። ሞተሩን ሊጨርሰው ነው።”

“ያንተ ሞተር ነው? ጡረታ ወጥተሃል እኮ ሰውዬ! ሾርባህን ብላ።”

ጎረቤት የሞተር ፍቅር ያልለቀቀው ሽማግሌ እያለ ይስቅበታል። ፍቅር አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ከጦርነቱ ወዲህ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዳገት መሐል ድምፁ ድንገት የሚቋረጥ አንድ መኪና እየሰማ ነው የኖረው። ይህንን ለፊሎሜን ነግሯት አያውቅም።

ባርዱ ፋብሪካ የገባው በአሥራ አራት ዓመቱ ነው። ሰፈሩ ፋብሪካውን በስሙ አይጠራውም፤ “ቤት” ነው የሚለው። አንዱን ልጅ አባትህ የት ነው ብትሉት “ቤት ነው” ካላችሁ ፋብሪካ ነው ማለቱ ነው። የፋብሪካው መሥራች ሽማግሌው ባርዱ የመጀመሪያዋን መኪና የሠራት ከአንዲት ልብስ አጣቢ ጓሮ ውስጥ ነበር ይባላል። ሴትዮዋ አንሶላዬን በጭስ አጠቆረብኝ ብላ ብትከስሰው፣ ካሳውን ከፍሎ የጠቆሩትንም አንሶላዎች ወስዶ ዘይት መጥረጊያ አደረጋቸው አሉ። ለሀብታም ሽርሽር የሚሆን መኪና ሲሠራ ቆይቶ የመጀመሪያው ጦርነት መጣ። ጦሩ እህልና ጥይት የሚያመላልስበት ሲያጣ ባርዱ ወደ ጭነት መኪና ዞረ፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። ክሎዲዩስ ሲገባ የፋብሪካው ግንብ አንድ መንደር ይከብብ ነበር።

ሥራ ያስተማረው ጆአኒ የሚባል ጢማም ሞተር ገጣጣሚ ነው። ጆአኒ ሞተር የሚመረምረው በዱላ ነበር። የዱላውን አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጥርሱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። “ሁለተኛው ፒስተን ጉሮሮውን እየከረከረው ነው” ይላል፤ ሲፈታም እውነትም ሁለተኛው ነው። ከዚያ ፈታኙ ሹፌር ገና ጋቢና ያልተሠራለት ሻንሲ ላይ በእንጨት ሳጥን ተቀምጦ፣ ደረቱ ውስጥ አሮጌ ጋዜጣ ጠቅጥቆ፣ ብርዱን እየተሳደበ ወደ ተራራው ይወጣል። እሱ ተመልሶ “ደህና ነው” ሲል ብቻ ገጣጣሚው ማኅተሙን ይመታል።

ይህ ማኅተም የቤቱ ትልቅ ወግ ነው። ልምምዱን የጨረሰ ገጣጣሚ የራሱን ምልክት ከጠንካራ ብረት ይቀርፃል፤ የገጣጠመውን ሞተር ሁሉ ጎኑ ላይ በዚያ ያትመዋል። የጆአኒ ዶሮ ነበር። ክሎዲዩስ ደግሞ አባቱ ሮን ወንዝ ላይ ዓሣ አጥማጅ ስለነበር ጥፍር የምታክል ዓሣ ቀረፀ። ማኅተም የሌለው ሞተር በበሩ አይወጣም።

“ስማ አንተ” አለው ጆአኒ መዶሻውን ሲያቀብለው። “ያፈርክበት ሥራ ላይ ይህን ስትመታ ካየሁህ እጅህን እሰብረዋለሁ።”

“ካፈርኩበትስ ምን ላድርግ፣ ሙሴ ጆአኒ?”

“ፈትተህ እንደገና ትሠራዋለህ! ሌላ ምን ታደርጋለህ፣ ትቀብረዋለህ?”

ሃያ ሦስት ዓመት ዓሣውን ቀና አድርጎ መታው። ከዚያ ጀርመኖች ሊዮን ገቡ፤ ባርዱም ለእነሱ መሥራት ያዘ። ክሎዲዩስ ጀግና አልነበረም። መሣሪያ አንሥቶ ጫካ መግባት አልሆነለትም፤ ጥይት ይፈራል፤ መፍራቱንም አይክድም። ግን ኮቴው የሚንኳኳ ወታደር ከኋላው ቆሞ እያየው ዓሣውን መምታት አስጠላው። አንድ ቀን ቁራጭ ጨርቅ አጥፎ አጥፎ ሞተሩ ውስጥ ዘይት የሚያልፍባት ቀዳዳ ውስጥ ሸጎጣት። እንዲህ ያለው ሞተር ፈተናውን ያልፋል፤ መቶም ሁለት መቶም ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በኋላ ግን ጨርቁ በዘይቱ ተገፍቶ ጠባቡ ጋ ይወተፋል፤ ዘይት ያጣው ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ሞተሩም ነክሶ ይቆማል። ሩቅ አገር፣ በረዶ ውስጥ ሲቆምባቸው እያሰበ ለብቻው ይስቅ ነበር። አሥራ አንድ ሞተር እንዲህ አድርጎ ላከ። ለጆአኒም አልተነፈሰም፤ ለሚስቱም።

የጆአኒ ቃል ግን ከእጁ አልወጣለትም። ሆን ብሎ ያበላሸው ሥራ ላይ ዓሣውን ቀና አድርጎ መምታት አቃተው። ሳይመታው ደግሞ ሞተሩ አይወጣም። ስለዚህ ገልብጦ መታው፤ ሆዱን ወደ ላይ፣ ውኃ ላይ እንደሚንሳፈፍ የሞተ ዓሣ። ከባርዱ ገጣጣሚ በቀር ይህን ሞኝነት ማን ይሠራዋል? ሌላው ሰው እንዲህ ያለ ሥራውን ይደብቃል፤ እሱ ፈረመበት።

ፊሎሜን የኮርሜል ልጅ ናት። ኮርሜል ከሊዮን ወዲያ ተራራው ውስጥ ያለች፣ ላምና ድንጋይ የሞላባት መንደር ናት። ታናሽ ወንድሟ አንቴልም እዚያ አይብ በመኪና ያመላልስ ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው፤ ሲስቅ ከሩቅ ይሰማል። ጫካ ከገቡት ጋር ተቀላቀለ። ጀርመኖች ሊወጡ ጥቂት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ሰባት ሆነው አንድ የጀርመን ጭነት መኪና ማረኩ። መኪናው ባርዱ ነው። መንዳት የሚችለው አንቴልም ብቻ ስለነበር መሪውን ያዘ፤ ጓደኞቹን ጭኖ ወደ ኮርሜል ወጣ። ዳገቱን ሊጨርስ ሁለት ጥምዝ ሲቀረው ሞተሩ ነክሶ ቆመ። ጀርመኖቹ ከኋላ ደረሱ። ከሰባቱ የተረፈው ወደ ገደሉ የተንከባለለው ጋስፓር ብቻ ነው። ከሞቱት ሁለቱ ወንድማማቾች ነበሩ፤ የማዳም ቡቫር ልጆች።

ጋስፓር አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። “ሞተሩ ሸተተኝ። ‘ቁም’ አልኩት፤ ‘ደርሰናል’ አለኝ። ዘይቱን ሲያይ አላየሁትም።” ይህ ለኮርሜል በቂ ነበር። አንቴልም ዘይት ሳያይ ነድቶ አምስት ሰው አስጨረሰ ተባለ። ለሟቾቹ በቆመው ሐውልት ላይ ስሙን ከሁሉ በታች ጻፉት፤ መጻፉም ለእናቱ ሲባል ነው አሉ። ቆይቶም የመንደሩ ሰው አንድ ነገር የረሳ ባየ ቁጥር “አንቴልም ነህ እንዴ?” ማለት ለመደ። እናቱ ሮዛሊ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ትሰማዋለች።

የቀብሩ ቀን መኪናው መንገድ ዳር ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሞ ነበር። ወንዱ ሁሉ እየሄደ አንገቱን ያስገባል፤ ራሱን ይነቀንቃል። ክሎዲዩስ የመቃብሩን ግንብ ተደግፎ ቆመ። ሃያ እርምጃ ቢራመድ ማኅተሙን ያየዋል። አልተራመደም። ስንት መኪና ከባርዱ ይወጣል፣ ስንት ገጣጣሚ አለ፣ ደግሞስ ልጁ እውነትም ዘይቱን ረስቶ ይሆናል፤ እያለ ከራሱ ጋር ተከራከረ። ካላየሁ አላውቅም፤ ካላወቅሁ አልዋሸሁም አለ። በዚህች ተንኮል ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖረባት።

ሮዛሊ ግን የምትተወው አልሆነችም። እሁድ እሁድ ሊጠይቋት ሲሄዱ፣ ሾርባው ቀርቦ ገና ሳይቀዘቅዝ ትጀምረዋለች።

“ክሎዲዩስ ልጄ፣ አንተ የሞተር ሰው ነህ። ሰው አንድ ቀን ዘይት ሳያይ ቢነዳ እንዲያ ይሆናል?”

“ሊሆን ይችላል፣ እማማ።”

“በአንድ ቀን? አንቴልም እኮ አይብ ሲያመላልስ ዘይቱን ሳያይ አይነሣም ነበር። ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ስንት ሱሪ አበላሽቶብኛል።”

“ዕድል ነው፣ እማማ። ይብሉ፣ ይቀዘቅዝብዎታል።”

አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ጠየቀችው፤ አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ መለሰላት። ስትሞት የማዳም ቡቫር ቤት የመስኮት መዝጊያ እንደተዘጋ ነበር፤ ወደ ቀብሩም ከዚያ ቤት ማንም አልመጣም።

ፋብሪካውም በተራው ሞተ። መሞቱን ያወጀ የለም። የፓሪስ ሰዎች ገዙት፤ ከሌላ ጋር ቀላቀሉት፤ አንድ ማክሰኞ ሁለት ሠራተኞች መሰላል አቁመው የባርዱን ስም ከበሩ ላይ ፊደል በፊደል አወረዱት። ጡረተኞቹ ፊት ለፊት ካለው ቡና ቤት ወይናቸውንና ቋሊማቸውን ይዘው ሲያዩ፣ አንዱ “እኛንም መቼ እንደሚያወርዱን ጠይቁልኝ” አለ። ከሣቁት መካከል ክሎዲዩስ አልነበረም። ጆአኒ ይህን ሳያይ በመሞቱ ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም አዘነ።

ያን ጊዜ ነው ሙሴ ዴልፋን የተባለ የባርዱ መሐንዲስ አሮጌ መኪኖችን ለቤተ መዘክር መሰብሰብ የጀመረው። ከጦርነቱ ዘመን የቀረ አንድ እንኳ አላገኘም ነበር። በኋላ ኮርሜል ውስጥ አንድ ጎተራ ሥር ዶሮ የሚያድርበት እንዳለ ሰማ። ጭኖ አመጣውና ክሎዲዩስ ቤት መጣ።

“ሙሴ ቬርኔ፣ ከኮርሜል የጦርነቱን ዘመን መኪና አምጥቻለሁ። እንዲህ ያለ ሞተር በእጁ የገጣጠመ በሕይወት ያለው እርስዎ ብቻ ነዎት። ሌላ ሰው ቢነካው ይቆጨኛል።”

“ዓይኔ ደክሟል” አለ ክሎዲዩስ። “እጄም ይንቀጠቀጣል።”

“ትናንት የቦውል ኳሱን ሲወረውር አልተንቀጠቀጠም” አለች ፊሎሜን ከበስተኋላ። “ይመጣል፣ ሙሴ ዴልፋን። የወንድሜ መኪና ነው። ይመጣል።”

ሊያመልጥበት የሚችል ቀዳዳ ሁሉ በዚህች ቃል ተዘጋ። በማግስቱ የድሮ ቱታውን ለብሶ ሄደ። ባዶው የፋብሪካ አዳራሽ መሐል መኪናው ብቻውን ቆሟል፤ ጋቢናው ላይ የዶሮ ኩስ ደርቋል፤ በሩ ላይ ሦስት የጥይት ቀዳዳ አለ። ክሎዲዩስ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀረ። ሙሴ ዴልፋን ሽማግሌው ናፍቆት ይዞት ነው ብሎ በርጩማ አቀረበለት።

ኮፈኑን ከፈቱት። ክሎዲዩስ የሞተሩን ጎን አቧራ በአውራ ጣቱ ጠረገ። ዓሣው ነበረ። ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ።

ከሥር የዘይት ማጠራቀሚያውን ፈታ፤ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ጨርቅ ላይ ደረደረ፤ እጁ ሥራውን ያውቃል። ሁለተኛው ፒስተን ሥር ያለው ብረት ቀልጦ ከዘንጉ ጋር ተጣብቋል። የዘይቱን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ሲጎረጉረው ባቄላ የምታክል ጥቁር ድቡልቡል ነገር ወጣች።

“ምንድን ነው ይሄ?” ሙሴ ዴልፋን አጎነበሰ። በጥፍሩ ሲለያየው ክር ሆነ። “ጨርቅ እኮ ነው! ሙሴ ቬርኔ፣ ይህን ሰው ነው የከተተው! ጀርመኖቹን ለማሰናከል!” ፊቱ በራ። “ይህን በመስታወት ሣጥን ነው የማስቀምጠው። ጋዜጠኛ እጠራለሁ። ማኅተሙ የማን ነው? ያውቁታል?”

“የኔ ነው።”

ሙሴ ዴልፋን ባርኔጣውን አወለቀ። በእውነት አወለቀ፣ እንባ እንኳ ዓይኑ ላይ ነበር። “ይህን ሁሉ ዘመን ለማንም ሳይናገሩ! እንዲህ ያለ ትሕትና…”

“መኪናው ላይ የሞቱት የኛ ልጆች ናቸው፣ ሙሴ ዴልፋን” አለ ክሎዲዩስ። ከዚያ ቱታውን እዚያው አውልቆ ወጣ።

ፊሎሜን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቆስጣ ትቀነጥሳለች። ቁሞ ነገራት። ጨርቁን፣ ማኅተሙን፣ አሥራ አንዱን ሞተር፣ ግንቡን፣ ሾርባውን፤ አንድም አላስቀረም። ቢላዋዋን አስቀምጣ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

“የቀብሩ ቀን” አለች፣ “ወንዱ ሁሉ አንገቱን ሞተሩ ውስጥ ሲከት አንተ ግንቡ ጋ ነበርክ። አንተ! የሠርጋችን ቀን የሙሽሮቹን መኪና ኮፈን ከፍተህ ሸሚዝህን ዘይት ያስነካኸው ሰውዬ!”

“ታውቂ ነበር?”

“ጠርጥሬ ነበር። አልጠየቅሁህም። ብጠይቅህ ትነግረኛለህ ብዬ ፈራሁ።” እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች። “ሞተሩን ይቅር እልሃለሁ። ለጀርመን ያጠመድከው ነው፤ ማን እንደሚነዳው አታውቅም ነበር። እናቴን ግን… እናቴ ሾርባ ላይ ስትለምንህ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ማንኪያዬን እያየሁ ነበር። ያንን ጥፋት ለማን ልስጠው?”

አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። ሽርጧን ፈትታ ኮቷን አወረደች።

“ተነሥ። የኮርሜል አውቶቡስ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።”

“ዛሬ?”

“ማዳም ቡቫር ሰማንያ ሊሞላት ነው። እሷም እስክትሞት እንጠብቅልህ?”

አውቶቡሱ የኮርሜልን ዳገት ሲይዝ ክሎዲዩስ የፊት ወንበሩን ብረት በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ፊሎሜን አይታ እንዳላየች ሆነች። አውቶቡሱም ያለምንም ችግር ወጣ።

ማዳም ቡቫር በሩን የከፈተችው በዱላ ተደግፋ ነው። የሮዛሊን ልጅ ስታይ ፊቷ ተቋጠረ።

“ምን ፈለግሽ?”

“ባሌ የሚነግርዎት ነገር አለ።”

ነገራት። እዚህ ደግሞ ከወጥ ቤቱ ይልቅ ከበደው፤ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ ፊሎሜን “ቀጥል” አለችው። ሲጨርስ ማዳም ቡቫር መስኮቱን ነበር የምታየው።

“ስለዚህ አንቴልም ዘይቱን አይቶ ነበር” አለች።

“ቢያየውም ባያየውም ለውጥ አልነበረውም፣ ማዳም። ማንም ቢነዳው ይቆም ነበር።”

“ሮዛሊ በዚህ ስታልፍ መዝጊያውን እዘጋ ነበር። ታውቃለህ? ድምፁ እንዲሰማት አድርጌ ነበር የምዘጋው። አንዳንዴ ስትመጣ አይቼ ከፍቼ እጠብቃት ነበር፤ ልዘጋባት።” ከዚያ ዱላዋን ፈልጋ ተነሣች። “ሻርፔን አቀብዪኝ፣ ልጄ።”

“ወዴት ነው፣ ማዳም?” አለች ፊሎሜን።

“ወደ እናትሽ። የት እንደተቀበረች አላውቅም፤ አልሄድኩም። አንቺ ታሳዪኛለሽ።”

ክሎዲዩስም ሊከተላቸው ተነሣ። አሮጊቷ በዱላዋ ደረቱን ሳትመታው ነካችው።

“አንተ ተቀመጥ። ልጆቼን ጠብቅልኝ።”

በሩ ተዘጋ። በመስኮቱ አያቸው፤ ፊሎሜን ክንዷን ደግፋ ቀስ እያሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሩ። ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ የሁለት ወጣቶች ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ታላቁ ኮስተር ብሏል፤ ታናሹ ሣቁን መያዝ አቅቶት ወደ ወንድሙ ዞሯል። ክሎዲዩስ ሁልጊዜ “የቡቫር ልጆች” እያለ ነበር የሚያስባቸው። ከፎቶው ሥር በቀጭን ብዕር ስማቸው ተጽፏል፤ ኤሎአና ባስቲያን። ወንበሩን ወደ እነሱ አዙሮ ስማቸውን ጮክ ብሎ ጠራ። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግራቸው ገባ።